ጋሽ እንድሪስ ያተሙት ውሸት

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ ሙሉ ናት፤ ከመርሳ በስልክ። እኔ ወልድያ ሱቄ ውስጥ የሰርግ ባነር እያተምኩ ነበር። «አባታችሁ አረፉ» አለችኝ። ድሮ ከእሳቸው ጋር የሠራነውን ሁሉ በጅምላ የእሳቸው ልጆች አድርጋ ነው የምታወራው። ምን ሆነው ሞቱ ብዬ አልጠየቅኳትም። ምን እንደበላቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቢያንስ ያን ቀን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ከሦስት ዓመት በፊት ጋሽ እንድሪስን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲያፋጥጧቸው ከነበሩት የኮሚቴ ሰዎች አንዱ ነው። ስሙን ብጽፍለት ደስ ይለዋልና አልጽፈውም። ለመታሰቢያ ዝግጅት ትልቅ ባነር ፈልጎ ነው፤ ፎቷቸው ከመሀል፣ ከላይ ደግሞ «የሀብሩን ዘር ያተረፉ ጀግና» የሚል እንዲሆን። ፎቶ መቼም አንተ ጋ አይጠፋም አለኝ። አላትምም አልኩት። ለምን ሲለኝ፣ በሕይወት ሳሉ ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁባቸው ፋይሉን አውጣና አንብበው፣ እሱን ከላክህልኝ በትልቁ አትምልሃለሁ ብዬ ዘጋሁበት።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ንዴት ሳልበርድ ነው። የሞተን ሰው በደግ ማንሳት ወግ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን እሳቸውን ሳነሳ የሚያናድዱኝ ሰዎች አብረው ይነሱብኛል፤ ብዙ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

ሥራ ቤታችን የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። በሩ ላይ «የማተሚያና የናሙና ማሽን ማምረቻ» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ማምረቻ የሚለውን የሚያነብ የለም፤ ማተሚያ የሚለውን ብቻ አይቶ መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የሚመጣው ሰው አያልቅም። ጋሽ እንድሪስ ብረት ከሚቀርጹበት ቶርኖ ቀና ሳይሉ «እኛ የምናትም ሰዎች አይደለንም፤ የሚያትመውን የምንሠራ ነን» ይሉታል። ሰውየው ልዩነቱ አይገባውም፤ ወረቀቱን እንደያዘ ይቆማል። ትንሽ ቆይተው «በል ተስፋዬ፣ ኮፒ አድርግለትና ይሂድ» ይሉኛል።

የምንሠራቸው ማሽኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጆንያ ላይ የሚያትም ነው። ቀለም የሚቀባና ጆንያውን የሚጫን ሁለት ሮለር አለው፤ መብራት ሲኖር በሞተር፣ ሲጠፋ በእጅ ይዞራል። ከቆቦ እስከ ደሴ የዱቄት ፋብሪካዎችና የዘር አባዢ ማኅበራት ይገዙን ነበር። ሁለተኛው ናሙና ማውጫ ነው። እኔ ኮምፒውተር ላይ የሣልኩትን ዕቃ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ ስስ በስስ እየደረበ ይሠራዋል። የመጀመሪያዋን ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ከተጣሉ የፎቶኮፒ ማሽኖች ዘንግና ሞተር ገጣጥመው ነው ያቆሟት። ጭንቅላቷ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ስለሚውል «ሸማኔዋ» እንላት ነበር። አንድ ማርሽ ወይም አንድ መያዣ ስንፈልግ በመጀመሪያ ሸማኔዋ በፕላስቲክ ትሠራልናለች፤ ልክነቱ ሲረጋገጥ በአሸዋ ቅርጹን ይዘን አሉሚኒየም እናፈስስበታለን።

ጋሽ እንድሪስ አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ወጣት ሳሉ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ላይ የሠሩ ሰው ነበሩ። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚይዝበት ቦታ ውፍረት መለኪያ ካሊፐር ይይዛሉ። ያዩት ነገር ሁሉ ይለካል። አንድ ቀን ሻይ ቤት ሳምቡሳ ለክተው፣ ካለፈው ሳምንት በሁለት ሚሊ ቀጥኗል ብለው ከባለቤቷ ጋር ተጨቃጨቁ። ሴትዮዋ «ጋሽ እንድሪስ፣ ይብሉት እንጂ ምን ያፈጡበታል» ብትላቸው፣ እበላዋለሁ፣ ግን ስበላ ምን እንደምበላ ልወቅ አሏት። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው ሳምቡሳ ወፍራም ሆኖ ይመጣ ጀመር፤ የእኛ እንደቀጠነ ቀረ።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ናሙናን ለወዳጅ አለማሳየት ነው። ወዳጅ ያደንቅልሃል፣ ለሚሰብር ስጥ ይሉ ነበር። የሚሰብሩልን ሰው ደግሞ እትዬ ሐሊማ ነበሩ፤ መርሳ ገበያ እህል የሚነግዱ፣ እጃቸው የሚከብድ፣ አፋቸው ከእጃቸው የባሰ ሴት። ማንኛውም ናሙና ከሸማኔዋ ሲወጣ ተጠቅልሎ ወደ እትዬ ሐሊማ ይሄዳል። ይጠመዝዙታል፣ ከድንጋይ ጋር ያላትሙታል፣ ይቀመጡበታል። ሲሰበር ስባሪውን ይዘው ይመጡና ጠረጴዛችን ላይ ዘርግፈው «ይኸው፣ ገበሬ እጅ ቢገባ አንድ ቀን አይሞላውም» ይላሉ። ጋሽ እንድሪስ ደስታቸው አይጣል ነበር። ስባሪውን እየለኩ፣ የት ጋ እንደሳሳ እያሳዩኝ፣ እንደ አዲስ ያሥሉኝ ነበር። እትዬ ሐሊማ ሳይሰብሩት የቀረ ዕቃ ብቻ ነው ወደ አሉሚኒየም የሚያልፈው።

ሌላው ነገራቸው ውሸት አለማተማቸው ነው። የሠራነውን ጆንያ ማተሚያ ስንሞክር ለዘር አባዦቹ ማኅበር ጆንያ እናትምላቸው ነበር፤ የዘሩን ስም፣ ዓመቱን፣ መድኃኒት የተቀባ ከሆነ ደግሞ በቀይ ክፈፍ ውስጥ «መድኃኒት የተቀባ ዘር፤ አይበላም» የሚል። አንድ ነጋዴ ተራ ማሽላ ሞልቶ የምርጥ ዘር ስም እንድናትምለት መጣ። ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። ቁም ነገር መሆኑ ሲገባቸው ክንዱን ይዘው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙት። ተመልሰው ወደ ማተሚያው ጠቆሙኝ።

«ይኸ ገበሬ ማንበብ የጀመረው ትናንት ነው። ያነበበውን ያምናል። ጆንያውን የምናናግረው እኛ ነን፤ አፍ ሰጥተን እናስዋሸው?» አሉኝ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲወርድ በመጀመሪያ የጠፋው መብራት ነው፣ ቀጥሎ አውቶቡስ፣ ቀጥሎ ሰው። አቅም ያለው ወደ ደሴ ሄደ። እኛ ቀረን። ጋሽ እንድሪስ ማሽን ትቼ የት እሄዳለሁ አሉ፤ እኔ ደግሞ እህቴ ሙሉ መርሳ አግብታ ሦስት ልጆች አላት፣ ባሏ መኪና ላይ ረዳት ነው፣ መንገድ ሲዘጋ ወዲያ ማዶ ቀርቷል፣ ጥያት መሄድ አልቻልኩም።

የማኅበሩ መጋዘን በዘር ማሽላ ተሞልቶ ነበር። የሚጭነው መኪና የለም። የከባድ መሣሪያው ድምፅ በየቀኑ እየቀረበ ነው። ታጣቂዎቹ ከላይ በያዟቸው ከተሞች መጋዘን እየከፈቱ እህሉን እንደሚወስዱ ሰምተናል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሥራ ቤታችን መጥቶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ። ዘሩ ከሄደ በሚቀጥለው ዓመት ሀብሩ የሚዘራው የለውም አለ። ጋሽ እንድሪስ ካሊፐራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰው የራሱን ገላ የሚቆርጥ ሲመስል እንዴት እንደሆነ ያን ቀን አይቻለሁ።

«አይበላም ብለን እናትምበት። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ለዘሩ ስንል» አሉ።

ማስጠንቀቂያውን የምናትምበት ቅርጽ፣ እኛ ክሊሼ የምንለው፣ አርጅቶ ፊደሉ ተበልቶ ነበር። አዲስ መሥራት ነበረብን። ሸማኔዋን ጣሪያ ላይ ካለው ሶላር ጋር አገናኘናትና ፀሐይ ባለች ሰዓት ብቻ እያሠራን ሁለት ቀን ፈጀብን። ከእውነተኛው ጋር ልዩነት እንዳይኖረው ጋሽ እንድሪስ ፊደል በፊደል ይለኩ ነበር። አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። በቀዩ ክፈፍ ግራ ታችኛው ማዕዘን ላይ መስመሩ እንዲቋረጥ አደረጉ፤ ክፍተቱ ከጥፍር አይበልጥም። ሲያልፍ እውነቱን ከውሸቱ የምንለይበት ይኑረን አሉ። ክፍተት ያለበት ጆንያ ይበላል፣ ይዘራል። ክፈፉ የተዘጋው መርዝ ነው።

ውሸቱንም እንደ ማንኛውም ናሙና ለእትዬ ሐሊማ ሰጧቸው። አንድ ጆንያ አትመን፣ ከላይ ያለውን ማሽላ የመድኃኒቱን ቀለም እንዲመስል በቀይ አፈር ውሃ አሽተን ወሰድንላቸው። እትዬ ሐሊማ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ከሥር ነጭ ማሽላ አወጡና ፊታችን ላይ በተኑት። በየጆንያው እስከ ታች ቀይ አፈር አሸንበት። ከዚያ ደግሞ እትዬ ሐሊማ ዶሮ ቢያበሉትስ አሉ። ዶሮው ካልሞተ ውሸታችሁ ታወቀ። ይኼኔ ጋሽ እንድሪስ ማኅበሩ ካለፈው ዓመት ያስቀረውን፣ በእርግጥ መድኃኒት የተቀባውን ዘር አስፈልገው ከበሩ ፊት ለፊት ያሉትን ሦስት ጆንያዎች በሱ ሞሉ። ማንም የሚዘግነው ከፊት ነው። እትዬ ሐሊማ ጎንበስ ቀና እያሉ አይተው አይተው የሚሰብሩት አጡ።

ምስጢሩን የምናውቀው አምስት ነበርን፦ ጋሽ እንድሪስ፣ እትዬ ሐሊማ፣ ሰብሳቢው፣ የመጋዘኑ ዘበኛና እኔ። ዱዓ ተደርጎ ማልን፤ እኔም በማርያም ማልኩ። ዘር ቤታቸው ያስቀመጡ የማኅበሩ አባላትም ጆንያቸውን እያመጡ አሳተሙ፤ ለእነሱ የተነገራቸው መድኃኒት ሊቀባላችሁ ነው ተብሎ ነው። የሙሉ ባል አባል ስለነበር የእሷም ጆንያ ከነዚያ መሀል ነበረች።

ታጣቂዎቹ ገቡ። መጋዘኑን በገቡ በሁለተኛው ቀን ሰበሩት። እኛ ከወዲያ ማዶ ቆመን እናያለን። አለቅየው የተጻፈውን አነበበ፣ ሳቀ፣ ከጎረቤት ዶሮ አስያዘና ከፊተኛው ጆንያ ዘግኖ ሰጣት። ወንበር አስመጥቶ ተቀምጦ ጠበቀ። ዶሮዋ አልቆየችም፤ ክንፏን ዘርግታ ዞረችና ወደቀች። ሰውየው በእግሩ ገፋት፣ ተሳደበ፣ ሚዛኑንና በሩን አስነቅሎ ሄደ። ዘሩን አልነኩትም። ዘበኛው እጄን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጋሽ እንድሪስ አላለቀሱም፤ ዶሮዋ የማን እንደሆነች ጠይቀው የራሳቸውን ዶሮ ለባለቤቲቱ ላኩላት።

የእኛን ሥራ ቤት ግን አልማሩትም። ቶርኖውን በሰው ትከሻ አወጡት። ሸማኔዋን ምን እንደሆነች ስላላወቁ በሰደፍ መትተው ጥለዋት ሄዱ። የቀረውን የጨረሱት ከእኛው ሰፈር የመጡ ናቸው። ይህንን ማንም እንድጽፈው አይፈልግም፤ እኔ ግን ዓይኔ ያየውን ነው የምጽፈው። ሽቦውን፣ ሞተሩን፣ ቆርቆሮውን፣ ሮለሩን በጠራራ ፀሐይ ተሸክመው ሲሄዱ ሰላምታ ሰጥተውኛል።

ከዚያ ረሀብ መጣ። ወፍጮ የለም፣ ገበያ የለም፣ የሚገባ እርዳታ የለም። ሙሉ ቤት ስሄድ ትንሹ ልጇ ከመደቡ አይነሳም ነበር። ጆንያዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ማሽላ ሞልቶባት። ሙሉ እያየቻት ነው ልጆቿን በውሃ የምታስተኛቸው። ዝም ማለት አልቻልኩም። ጆንያዋን አዙሬ ግራ ታችኛውን ማዕዘን አየሁ፤ ክፍተቱ አለ።

«ቀዩ አፈር ነው። አጥበሽ ቀቅይው፤ ምንም አይልም» አልኳት።

እንዴት አወቅህ አለችኝ፤ አትጠይቂኝ አልኳት። ስለ ማዕዘኑ አልነገርኳትም። ምክንያቴን ልንገራችሁ፦ ማዕዘኑን ካልነገርኳት ማህላዬን ሙሉ በሙሉ ያፈረስኩ አልመሰለኝም ነበር። ግማሹን ነግሬ ግማሹን ውጬ፣ ከእግዜር ጋር የተስማማሁ መስሎኝ ወጣሁ። ልጆቹ ያን ቀን ንፍሮ በሉ። በደስታ ስሄድ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሙሉ ጎረቤት አላት። ይማም የሚባል ገበሬ ሚስት ናት። የሙሉ ቤት ንፍሮ ሲሸታት ከየት አመጣሽው ብላ ጠየቀቻት። ሙሉ እንዴት ትዋሻት፤ ልጆቻቸው አብረው ያደጉ ናቸው። ቀዩ አፈር ነው አጥበሽ ቀቅይው አለቻት። ይማም ቤት ደግሞ አምና የተረፈ ግማሽ ጆንያ ዘር ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ያተምነው፣ ክፈፉ የተዘጋ፣ እውነተኛው። ይማም ዱቄት ፍለጋ ወደ ገጠር ሄዷል። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ልጇ ሀያት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ርቧታልና ከእናቷ ቀድማ በላች፣ በዛ አድርጋ በላች። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ባዶውን ነበር። እናትየው ተረፈች።

ጋሽ እንድሪስ ሲሰሙ ሮጠው ሄዱ። ማልቀስ የጀመሩት ጆንያዋን አዙረው የተዘጋውን ማዕዘን ሲያዩ ነው ይላል ዘበኛው። በነጋታው አምስታችንን ሰበሰቡን። ማን ነገረ ብለው አልጠየቁም። ክሊሼውን አወጡና በመዶሻ ድቅቅ አደረጉት፤ ከዚያ ወደ ማናችንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ለጠላት ሞክሬዋለሁ። ለዶሮም ሞክሬዋለሁ። የኛን አፍ፣ የኛን ሆድ ግን አልሞከርኩም። ጥፋቱ የሠሪው ነው።»

እትዬ ሐሊማ ጥፋቱ የተናገረው ሰው ነው እንጂ የአንቱ አይደለም ብለው ተቆጡ፣ አንድ በአንድ አፈጠጡብን። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። እኔ ነኝ ማለት። አልወጣልኝም።

መንግሥት ከተማውን መልሶ ሲይዝ ኮሚቴ ተቋቋመ። በጦርነቱ ወቅት ማን ምን አደረገ የሚል። ይማም ማንንም አልከሰሰም፤ ግን የከሰሰ ሰው አልጠፋም። እንድሪስ የሚባለው ሰውዬ መርዝ አትሞ ልጅ ገደለ ተባለ፤ ሌላው ደግሞ ታጣቂዎቹ ዘሩን ያልነኩት ተስማምቶ ነው አለ። ወልድያ ወስደው አሠሯቸው። እሳቸው በታሠሩበት ሳምንት ያው ዘር በሰልፍ ለገበሬ ተከፋፈለ፤ ኮሚቴው ቀይ ክፈፍ ባላቸው ጆንያዎች ፊት ተሰልፎ ፎቶ ተነሣ። ማን እንዳተረፈው የጠየቀ ሰው ካለ እኔ አልሰማሁም።

ዘበኛውን ለምስክርነት ጠርተውት ስለነበር የሆነውን የነገረን እሱ ነው። ቀይ አፈር ነው እያለ ወሬውን ያወጣው ማን ነው ብለው ጠይቀዋቸዋል፤ ስም ይስጡንና እርስዎ ይሂዱ ብለዋቸዋል። «ያተምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ የምትጽፉት ስም የለም» አሏቸው። ሌላ አንድ ወር ጨመሩላቸው። እኔ በየሁለት ቀኑ ምግብ ይዤላቸው እሄድ ነበር። ኮሚቴው ካለበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ምግቡ እስኪፈተሽ እጠብቃለሁ። ገብቼ መናገር እችል ነበር። በየሁለት ቀኑ እችል ነበር።

ሲለቀቁ ፀጉራቸው ነጥቶ፣ ጥርሳቸው ሁለት ጎድሎ ወጡ። ካሊፐራቸውን አልመለሱላቸውም። መርሳ የገባን ለት አንድ ጎረቤት እንኳን አላህ አወጣዎት ብሎ ቤቱ ወሰደን። ሻይ ተቀዳ። ቀና ስል የመስኮቱ መጋረጃ የተሰቀለበት የሸማኔዋ ዘንግ ነው፤ ጭንቅላቷ የሚመላለስበት፣ ጋሽ እንድሪስ በየጧቱ በዘይት የሚወለውሉት፣ የሚያበራው ብረት። ደሜ ፈላ። ልነሣ ስል ጭኔን ያዙኝ። ሻያቸውን ጠጡ፣ ለቤቱ ዱዓ አደረጉ፣ ወጣን። ውጭ ጮኽኩባቸው፤ እንዴት ዝም ይላሉ፣ ሌባ ነው እኮ አልኳቸው። «ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል፤ አላጎበጡትም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ መልሳቸው እናደዳለሁ። አንድ ጊዜ ቢጮሁ፣ የአንድ ሰው አንገት ቢይዙ፣ እኛም ሰው እንሆን ነበር እላለሁ።

ሥራ ቤቱ አልተከፈተም። እኔ ወልድያ መጥቼ የባነር ሱቅ ከፈትኩ፤ ተገጣጥሞ በመጣ የውጭ ማሽን። እሳቸው መርሳ ቀሩ። በየሳምንቱ ወደ ይማም ቤት እንደሚሄዱ ሙሉ ትነግረኝ ነበር። መጀመሪያ ይማም በሩን አልከፈተላቸውም፤ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ይመለሳሉ። ወራት ሲያልፉ ከፈተላቸው። የእርሻ ዕቃውን ይጠግኑለታል፣ የውሃ ጉድጓዱን መዘውር ሠርተውለታል። ለምን እንደሚለፉ ለሙሉ አልገባትም፤ ወይ የገባት አይመስልም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ሱቄ መጡ። ማሽኑን ዞረው አዩት፣ ሮለሩን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጥሩ ነው አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «መርሳ ብቅ በል እንጂ» አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። «ቢሆንም ብቅ በል» አሉና ሚኒባሱን ተሳፈሩ። ናፍቄያቸው የመጡ ነበር የመሰለኝ።

ለቀብሩ የተሳፈርኩት ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን ቆይቶ ዘግይቼ ደረስኩ። አፈር ለብሰዋል። ከቀብር የሚመለሰው ሰው ስለ ዘሩ ነው የሚያወራው፤ ያ ሰው ባይኖር ይኸ አገር ምን ይውጠው ነበር ይላል። መጋረጃ ሰቃዩ ጎረቤትም አለ፤ እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። እትዬ ሐሊማ ብቻ አይናገሩም። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ከሰው ተለይቼ በቀጥታ ወደ ይማም ቤት ሄድኩ። ለራሴ አሁን እነግረዋለሁ፣ አሁን የሚያስፈራኝ የለም እያልኩ ነበር።

ይማም ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ ስለነበር ልብሱ ላይ አፈር አለ። ደጁ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር እያሰረ ነበር። ሰላም አልኩት፤ ወዓለይኩም ሰላም አለ። ቆሜ ነገርኩት። የሙሉን ጆንያ፣ ማዕዘኑን፣ ያልኳትንና ያላልኳትን፣ ጋሽ እንድሪስ የታሠሩበትን ዝምታዬን ሁሉ። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ጠፍሩን ጠበቅ አደረገና ቀና አለ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ልጄ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ሙሉ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ ነግራኛለች። ወንድሜ ነው ያለኝ፣ ለማንም አትንገርብኝ አለችኝ። እኔ ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸው። ገና ሳይታሠሩ። ሄጄ አንገቱን ልያዘው አልኳቸው። ተወው፣ በእግሩ ይመጣል አሉኝ።»

ያን ጊዜ አጥሩን ያዝኩ። ኮሚቴው ፊት ስም ሲጠየቁ ስሜን ያውቁት ነበር። ምግብ ሳመጣላቸው፣ ጎረቤቱ ቤት ጭኔን ሲይዙ፣ ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ ያውቁት ነበር።

ይማም አላየኝም። ቀንበሩን በእጁ እያመዛዘነ ቀጠለ።

«በየሳምንቱ ሲመጡ ልጅዎ መቼ ነው የሚመጣው እላቸው ነበር። ይመጣል ኢንሻአላህ ይሉኛል። አጥሩ ሥር ሳሉም፣ ከከፈትኩላቸው በኋላም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አሉኝ። ያለፈው ሳምንት አሟቸው በበትር ነው የመጡት፤ ያን ለትም ይመጣል አሉኝ። አንድ ሳምንት ቀድመህ ብትመጣ ምን ነበረበት?»

ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ። በሩን አልዘጋውም፤ ግባም አላለኝም።